ረቂቃችንንም እዩልን፦ ለአኒሜሽን ትምህርት ክፍሎች ግልጽ ደብዳቤ

ለአኒሜሽን ትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ካሪኩለም ለምትቀርጹ፣ የተማሪ ሥራ እያያችሁ ማርክ ለምትሰጡ መምህራን በሙሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የሦስተኛ ዓመት የአኒሜሽን ተማሪ ነኝ፣ ያተኮርኩት ባክግራውንድ ስዕልና ስቶሪቦርድ ላይ ነው፣ ማለትም ታሪኩ የሚካሄድበትን ቦታ መሳልና ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት ታሪኩን በተደረደሩ ስዕሎች ማቀድ። ይሄን ደብዳቤ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ብዬ አልጻፍኩትም፣ ምክንያቱም ሌላ ቦታ ከሚማሩ ልጆች ጋር ስናወራ ነገሩ ያው ነው፣ የኮርሱ ስም ይለያይ እንጂ ሁላችንም የምንደናቀፈው አንድ ቦታ ላይ ነው። ነገሩን መጀመሪያ ባጭሩ ልበለው፦ እናንተ የምታዩትም ማርክ የምትሰጡበትም ያለቀውን ስዕል ነው፣ እኛ ግን የምንሳሳተው ገና ረቂቁ ላይ ነው፣ ረቂቁን ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚያይልን ሰው የለም።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁና ከዛ ወደ ጥያቄዬ እገባለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ፕሮጀክት ተሰጠን፣ ንግግር የሌለው አንድ ትዕይንት፣ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ፣ ስቶሪቦርዱንም ባክግራውንዱንም ራሳችን የምንሠራው። እኔ የመረጥኩት ታሪክ ቀላል ነበር። አንድ ልጅ የሞቱት አያቱ ክፍል ይገባል፣ ቁልፍ ይፈልጋል፣ ያገኘዋል፣ ልክ ሲያነሳው ከውጪ ኮቴ ይሰማል። በቃ ይሄው ነው። እና ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ መጀመሪያ ክፍሉን ሳልኩት። 11 ቀን ፈጀብኝ። የመደርደሪያው እንጨት ላይ ያለው ስንጥቅ፣ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ውስጥ የሚንሳፈፈው አቧራ፣ የመጽሐፎቹ ጀርባ ላይ የደበዘዘው ወርቃማ ጽሑፍ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። ስቶሪቦርዱን የሠራሁት ከዛ በኋላ ነው፣ በሁለት ቀን፣ ያውም ባክግራውንዱን እየቆረጥኩ ፓነሎቹ (የስቶሪቦርዱ ነጠላ ስዕሎች) ውስጥ እየለጠፍኩ፣ ምክንያቱም የለፋሁበት ስዕል በየፓነሉ እንዲታይ ፈልጌ ነበር። 38 ፓነል ሆነ። ማርኩ በጣም ጥሩ መጣ። ባክግራውንዱ ታተመና ኮሪደር ላይ ተሰቀለ፣ ሰዎችም ቆም እያሉ ያዩት ነበር፣ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ከዛ በእረፍት ጊዜ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ፓነሎቹን ታይምላይን ላይ ደርድሬ ድምፅ ጨመርኩበትና አኒማቲክ፣ ማለትም የቦርዱ ስዕሎች ከነድምፃቸው ተራ በተራ የሚታዩበት ረቂቅ ፊልም፣ አደረግኩት። ለአንዷ የክፍሌ ልጅ ምንም ሳልነግራት አሳየኋት። ግማሽ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ "ሌላ ክፍል ገባ እንዴ?" አለችኝ። ሌላ ክፍል አልገባም። ክፍሉ አንድ ብቻ ነው። ግን አራተኛው ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚያሳየው አንድ ክፍል) ላይ በሩ ከልጁ በስተግራ ነበር፣ አምስተኛው ላይ ካሜራውን ያለምንም ምክንያት ወደ ማዶ አሻግሬው በሩ በስተቀኝ ሆነ፣ ልጁም ወደ ቀኝ ሲያይ የነበረው በአንድ ካት፣ ከአንዱ ሾት ወደ ሌላው ሲታለፍ፣ ወደ ግራ ማየት ጀመረ። የ180 ዲግሪ ሕግ የሚባለውን፣ ካሜራው በትዕይንቱ አንድ ጎን ብቻ ይቆይ የሚለውን፣ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፣ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ግን የራሴ ሥራ ላይ ስጥሰው አላየሁትም። መጨረሻ ላይ ደግሞ "እሺ ምን አነሳ?" አለችኝ። ቁልፉን አላየችውም! ታሪኩ በሙሉ የቆመው ቁልፉ ላይ ነው፣ እኔ ግን ቡናማ ቁልፍ ቡናማ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ አጠገቡ ስክሪኑ ላይ ካለው ነገር ሁሉ የሚደምቅ መስኮት ስያለሁ። የማንም አይን መስኮቱን ትቶ ወደ ቁልፉ አይሄድም።

እነዛ ሁለት ጥያቄዎች ከዛ በፊት በአንድ ሴሚስተር ካገኘሁት አስተያየት ሁሉ ይበልጥ አስተምረውኛል። የጠየቀቻቸው ደግሞ እንደኔው ተማሪ ናት፣ ያውም በአምስት ደቂቃ ውስጥ። አስተማሪዬን ለመክሰስ አይደለም ይሄን የምለው፣ የተሰጠው ፎርም ላይ ያለው "የስዕል ጥራት፣ የቀለም አጠቃቀም፣ አጨራረስ" ነው፣ በዛ መስፈርት ከታየ ሥራዬ በርግጥም ጥሩ ነበር። ችግሩ መስፈርቱ ነው። ሰው ታሪኩን ተከትሎታል ወይ የሚል አንድም መስመር አልነበረበትም።

ስቶሪቦርድ ከየት እንደመጣ እያስታወስን ብናስተምረው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር ብዬ አስባለሁ። አሁን የምናውቀው አይነት ስቶሪቦርድ የዳበረው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፣ ሐሳቡም ብዙ ጊዜ ዌብ ስሚዝ ለሚባል የታሪክ ሠራተኛ ይሰጣል። ከዛ በፊትም ሰዎች ታሪክ በስዕል ያቅዱ ነበር እኮ፣ ስዕል ደርድሮ ታሪክ መንገር አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር እያንዳንዱ ስዕል በተለያየ ወረቀት ላይ ተስሎ ግድግዳ ላይ በፒን መሰካቱ ነው። ለኔ ትልቁ ግኝት ስዕሉ ሳይሆን ፒኑ ነው። ፒን ማለት ነቅዬ እጥለዋለሁ፣ ቦታውን እቀይረዋለሁ፣ መሀሉ ላይ ሌላ እጨምርበታለሁ ማለት ነው። ሰዎች ግድግዳው ፊት ቆመው ሲከራከሩ አንዱ ሦስት ወረቀት ነቅሎ ይጥላል፣ ታሪኩም ይሻሻላል። እኛስ? እኛ ቦርዳችንን በፒዲኤፍ አድርገን በዴድላይኑ ሌሊት እናስገባለን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁጥር ይመጣልናል፣ ከዛ በኋላ ማንም ምንም አይነቅልም። ስሙ ስቶሪቦርድ ነው እንጂ ሥራው ስቶሪቦርድ አይደለም፣ የተገጣጠመ የስዕል አልበም ነው።

ሒሳቡንም ቁጭ ብለን እንየው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። አንድ ስዕል ሁለት ሁለት ፍሬም እንዲቆይ ተደርጎ ሲሠራ፣ ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው፣ በሰከንድ 12 ስዕል ይሆናል። እና አንድ ባለ 4 ሰከንድ ሾት አለ እንበል፣ ገፀ ባሕሪውም ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል፣ 48 ስዕል ነው። ያ ሾት አላስፈላጊ ሆኖ ቦርዱ ላይ ሲወጣ የጠፋው ምናልባት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ አንድ ጫር ጫር የተደረገ ፓነል። አኒሜት ተደርጎ ካለቀ በኋላ ሲወጣ ግን የጠፋው 48ቱ ስዕል፣ የነዛ ስዕሎች ክሊንአፕ (መስመራቸውን ማጥራት)፣ ቀለሙ፣ እና ለሱ ብቻ ተብሎ የተሠራው ባክግራውንድ ነው። ስህተት በጣም የሚረክስበት ቦታ ረቂቁ ላይ ነው፣ እኛ ግን መሳሳት የምንፈራው እዛው ረቂቁ ላይ ነው ምክንያቱም አስቀያሚ ፓነል ካስገባን ማርክ እንደሚቀንስብን እናውቃለን። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሐሳብ፣ ብዙ ጊዜ ሰነፉን ሐሳብ፣ አሳምረን እንስለዋለን። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አምስተኛው ሐሳብ ላይ አንደርስም።

አሁን ወደ ባክግራውንድ ልምጣ፣ እዚህ ጋር ትንሽ እቆያለሁ ምክንያቱም የምወደው ነገር ነው፣ እና በጣም የተሳሳተ ሆኖ ነው የተማርነው ብዬ ስለማምን።

ባክግራውንድ "ከኋላ ያለ ቆንጆ ስዕል" ተደርጎ ነው የተሰጠን። ሥራው ግን ሰውዬው የሚቆምበትን ቦታ ማዘጋጀት ነው። አንድ ባክግራውንድ ብቻውን ሲታይ ትንሽ ጎዶሎ ሊመስል ይገባዋል፣ የሆነ ሰው የሚጎድለው መምሰል አለበት፣ ምክንያቱም በርግጥም አንድ ሰው ይጎድለዋል፣ ገፀ ባሕሪው ገና አልገባም። ኮሪደር ላይ የተሰቀለው የኔ ስዕል ምንም አይጎድለውም ነበር፣ ሙሉ ነበር፣ ለዛ ነው ልጁ ሲገባበት ቦታ ያጣው። ጭንቅላቱ በትክክል የመስኮቱ ፍሬም ጠርዝ ላይ አረፈ፣ የፀጉሩ መስመርና የመስኮቱ መስመር ተነካኩ፣ ታንጀንት የሚባለው ማለት ነው፣ እና ልጁ መስኮቱ ላይ የተለጠፈ ይመስል ነበር።

ይሄን ለማየት የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ ምንም ከባድ አይደለም። ስዕሉን ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር፣ ከዛ አይንን ጨፈን አድርጎ ማየት። ዝርዝሩ ሁሉ ይጠፋና ሦስት አራት ትልልቅ ቅርጾች ብቻ ይቀራሉ፣ ጨለማው፣ መሀለኛው፣ ብርሃኑ። ገፀ ባሕሪው እዛ ውስጥ ተለይቶ ከታየ ሥራው ይሠራል፣ ካልታየ በምንም አይነት ቀለም አይድንም። እኔ ይሄን ያደረግኩት ስዕሉ አልቆ፣ ታትሞ፣ ተሰቅሎ ካበቃ በኋላ ነው። መጀመሪያው ቀን ላይ፣ ስዕሉ ገና የክብሪት ቀፎ እያከለ፣ በሦስት ግራጫ ብቻ እንድሠራው ቢነገረኝ ኖሮ 11ዱን ቀን አላቃጥለውም ነበር።

በዚህ ጉዳይ ላይ ታይረስ ዎንግን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም የሱ ታሪክ በትክክል ይሄው ነው። ቻይና ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሰዓሊ ነው፣ በ1938 ዲዝኒ ሲገባ የተሰጠው ሥራ በሁለት ቁልፍ ስዕሎች መሀል ያሉትን ስዕሎች መሙላት ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ተጎንብሶ መስመር መሥራት። ያኔ ስቱዲዮው በኋላ በ1942 የወጣውን ባምቢ የሚባለውን የአጋዘን ፊልም እያዘጋጀ ነው፣ እና የጫካው ባክግራውንድ ያስቸግራቸው ነበር፣ ቅጠሉም ቅርንጫፉም አንድ በአንድ እየተሳለ አጋዘኖቹ ጫካው ውስጥ ይጠፉ ነበር። ዎንግ በራሱ ተነሳሽነት ትንንሽ የጫካ ስዕሎች ሠርቶ አሳየ፣ ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የቻይና የመልክዓ ምድር ስዕሎች የተማረው አይነት፣ ጉም ያለበት፣ ጠርዞቹ የሟሙ፣ ብርሃኑ መሀል ላይ የተከፈተ፣ ዝርዝሩ አጋዘኑ በቆመበት አካባቢ ብቻ የሚታይ። የፊልሙ መልክ በሙሉ ከነዛ ትንንሽ ስዕሎች ወጣ። እሱ ግን በ1941 ከነበረው የሥራ ማቆም አድማ በኋላ ፊልሙ ሳይወጣ ከስቱዲዮው ተሰናበተ፣ ፊልሙ ላይም ስሙ የተጻፈው ከባክግራውንድ ሠዓሊዎቹ እንደ አንዱ ብቻ ነው። በ2016 በ106 ዓመቱ ነው ያረፈው። እኔን ከዚህ ታሪክ የሚገርመኝ ያንን ሁሉ የቀየሩት ስዕሎች ረቂቅ መሆናቸው ነው። ትንሽ፣ ፈጣን፣ ያላለቁ። የሆነ ሰው ደግሞ ቆም ብሎ አያቸው። ያ የሆነ ሰው እንድትሆኑልን ነው የምለምናችሁ።

ፐርስፔክቲቭ፣ ቅርብና ሩቅን በስዕል የማሳየት ዘዴ፣ ሌላው ነው። አንድ ሙሉ ኮርስ ወስደናል፣ ኩብ በአንድ ቫኒሺንግ ፖይንት (መስመሮቹ ሩቅ ላይ የሚገናኙበት ነጥብ)፣ ኩብ በሁለት፣ ኩብ በሦስት፣ ከዛ መንገድ፣ ከዛ ደረጃ። ስንወጣ ሁላችንም ሕንፃ መሳል እንችላለን። ግን ያ ኮርስ ውስጥ አንድም ጊዜ "ካሜራ" የሚል ቃል አልተጠራም፣ ሆራይዘን ላይን ማለት የካሜራው አይን ከፍታ መሆኑን የነገረን የለም፣ ስለዚህ ስቶሪቦርድ ክፍል ስንገባ ያንን ሁሉ ትምህርት በር ላይ ትተነው ነው የገባነው። አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ፣ ይሄን ያወቅኩት ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ነው። ወለሉ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ሆራይዘን ላይኑ አንዱን ሰው ደረቱ ላይ ካገኘው፣ ቁመቱ እኩል የሆነ ሌላ ሰው ሩቅም ይቁም ቅርብ እሱንም ደረቱ ላይ ነው የሚያገኘው። በቃ። ይሄ አንድ ነገር ብቻ ስንት የስቶሪቦርድ ስህተት እንደሚያስቀር ብታዩ፣ ከኋላ የቆመው ሰው ድንክ የሚመስልበት፣ ሕፃኑ ከአባቱ እኩል የሚሆንበት። ከዛ ደግሞ ካሜራው ዝቅ ሲል ሆራይዘኑም አብሮ ዝቅ ይልና ሰውየው ከላይ ይገዝፍብናል፣ ከፍ ሲል ወለሉ ይከፈትና ልጁ ትንሽ ብቻውን ይሆናል፣ ይሄ ታሪክ ነው እንጂ ጂኦሜትሪ ብቻ አይደለም። ፐርስፔክቲቩን የሚያስተምረውና ስቶሪቦርዱን የሚያስተምረው መምህር አንድ ቀን አብረው ቁጭ ብለው ቢያወሩ ይሄ ይፈታል።

ባክግራውንዱ ከቦርዱ በኋላ መምጣት ያለበት ለስሜት ብቻ ሳይሆን ለሥራውም ነው። ካሜራው ፓን የሚያደርግ፣ ማለትም ወደ ጎን የሚሄድ ከሆነ ስዕሉ ከስክሪኑ መስፋት አለበት፣ ስክሪኑ 1920 ፒክስል ስፋት ካለውና ካሜራው አንድ ሙሉ ስክሪን ወደ ጎን ከሄደ 3840 ፒክስል የሚሰፋ ባክግራውንድ ያስፈልጋል። ገፀ ባሕሪው ከምሰሶ ጀርባ የሚያልፍ ከሆነ ምሰሶው ለብቻው ሌየር (ተነጥሎ የሚሳል የስዕል ንብርብር) ላይ መሆን አለበት። ካሜራው ወደ ውስጥ ሲገባ ቅርቡና ሩቁ በተለያየ ፍጥነት እንዲንቀሳቀሱ ከተፈለገ ከመጀመሪያው ተነጣጥለው መሳል አለባቸው፣ ይሄ ሐሳብ ደግሞ የኮምፒውተር ዘመን ሐሳብ አይደለም፣ ጀርመናዊቷ አኒሜተር ሎተ ራይኒገር በ1926 ባወጣችው የጥላ ምስል ፊልም ላይ መስታወቶችን አንዱን ካንዱ በላይ ደርድራ ሠርታበታለች። ይሄን ሁሉ የሚነግረን ቦርዱ ነው። እኔ ቦርዱ ሳይኖር ስለሳልኩ ወንበሩን ከወለሉ ጋር አንድ ሌየር ላይ አዋህጄው ነበር፣ ከዛ ልጁ ከወንበሩ ጀርባ ማለፍ ሲኖርበት ወንበሩን ከነጥላው በድጋሚ ሳልኩት። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሄደብኝ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ባክግራውንድና ስቶሪቦርድ ሁለት የማይተዋወቁ ኮርሶች ሆነው አይቀጥሉ፣ ቢያንስ አንድ ፕሮጀክት ላይ ይገናኙ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ትዕይንት፣ ሁለቱም መምህራን ያሉበት። ስዕል ከመጀመራችን በፊት የቦታውን ፕላን ከላይ እንድንሠራ እዘዙን፣ በሩ የት ነው፣ መስኮቱ የት ነው፣ ልጁ የቱ ጋር ይቆማል፣ ካሜራው በየሾቱ የት እንደሚሆን በትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት ይደረግ። ያንን ፕላን ሠርቼ ቢሆን ኖሮ በሩ ጎኑን ሲቀይር ወረቀቱ ላይ ወዲያው ይታየኝ ነበር። ከዛ ተምኔል (ፈጣን ትንንሽ ረቂቅ) እንሥራ፣ የስክሪን ቅርጽ ባለው 16 በ9 ትንንሽ ሳጥን፣ በብዛት፣ ለአንድ ሾት አንድ ሳይሆን አራት አምስት አማራጭ፣ እና እሱ ላይ ማርክ ይኑር። በብዛቱና በመለያየቱ እንጂ በውበቱ ያልሆነ ማርክ።

ከሁሉም በላይ ግን አኒማቲኩን በዝምታ እንድናሳይ አድርጉን። ማለትም ተማሪው ሥራውን ይከፍታል፣ ምንም አያብራራም፣ "እዚህ ጋር እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው" አይልም፣ የሚያዩት ልጆች ሲያልቅ ያዩትን በቃላቸው ይነግሩታል። ሠሪው ይጽፋል። ያዩት ነገርና እሱ የሠራው ነገር አንድ ካልሆነ ችግሩ ቦርዱ ላይ ነው ማለት ነው፣ ተመልካቹ ላይ አይደለም። እኔ እንደማውቀው ይሄ ለአንድ ተማሪ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ክፍል ውስጥ 30 ልጅ አለ፣ ለሁሉም ረቂቅ ጊዜ የለም የሚባለውን ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው፣ የመምህራኑን ድካም አያለሁ። ግን መምህሩ ሁሉንም ማየት የለበትም እኮ፣ በአምስት በአምስት ተከፋፍለን እርስ በርስ እንተያያለን፣ መምህሩ በየቡድኑ እየዞረ ያዳምጣል። ቁልፉን ያላየችው ልጅ መምህር አልነበረችም።

ሌላ የሚነሳው ፍርሃት ተማሪው ረቂቅ ከተፈቀደለት ሰነፍ ይሆናል፣ የዱላ ሰው፣ በጥቂት መስመር ብቻ የሚሠራ የሰው ስዕል፣ እየሳለ ይገላገላል የሚል ነው። በኔ እይታ ተቃራኒው ነው የሚሆነው። የዱላ ሰው ስስል የምደበቅበት ነገር የለኝም። ልጁ ፈርቷል ወይ? ወደ የት ነው የሚያየው? ይቀርባል ይርቃል? ይሄ በሁለት መስመር ካልታየ በሁለት ሺህ መስመርም አይታይም። ያማረ ስዕል ጀርባ ግን ብዙ ነገር ይደበቃል፣ እኔ ራሴ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተደብቄበታለሁ።

የሶፍትዌር ጉዳይም ምክንያት መሆን የለበትም። የስቱዲዮ ሶፍትዌር ውድ ነው፣ ሁሉም ተማሪ አይገዛውም፣ ግን ክሪታ ነፃ ነው፣ ብሌንደር ነፃ ነው፣ ውስጡ ባለው ግሪስ ፔንስል በሚባለው የመሳያ መሣሪያ ቦርድም አኒማቲክም ይሠራል፣ ስቶሪቦርደር የሚባለውም በነፃ ይገኛል። ታብሌት የሌለው ልጅ ስቲኪ ኖት ላይ ስሎ በስልኩ ፎቶ እያነሳ መደርደር ይችላል፣ ስቲኪ ኖት ደግሞ ይነቀላል ይለጠፋል፣ ልክ እንደዛ ግድግዳ።

ለሥራ ልትቀጥሩ ፖርትፎሊዮ (የሥራ ናሙና ስብስብ) ለምታዩትም አንድ ቃል አለኝ። ተማሪው የሚያዘጋጀው እናንተ የምትጠይቁትን መስሎት ነው፣ አሥር ያማሩ ባክግራውንዶች ደርድሮ ይልካል፣ ምክንያቱም ማስታወቂያው ላይ "ምርጥ ሥራዎን ይላኩ" ነው የሚለው። አንድ ትዕይንት ከተምኔል እስከ መጨረሻው ባክግራውንድ ድረስ፣ የተጣሉት ፓነሎች ሳይቀሩ፣ እንፈልጋለን ብላችሁ በግልጽ ጻፉት። ያኔ ትምህርት ቤቶቹም ይሰማሉ።

የዛን ክፍል ትዕይንት በእረፍቱ ወር እንደገና ሠርቼዋለሁ። መጀመሪያ ፕላኑን፣ ከዛ ትንንሾቹን ሳጥኖች፣ ወደ 90 ገደማ ሳልኩ፣ አብዛኞቹን ጣልኩ። ከ14 ሾት ወደ 9 ወረደ። መስኮቱን ከፍሬሙ አስወጣሁት፣ ብርሃኑ ብቻ ቀረ፣ ወለሉ ላይ የወደቀ አንድ አራት ማዕዘን ብርሃን፣ የቀረው ክፍል ደብዘዝ ያለ። መደርደሪያው ላይ ያንን ሁሉ ስንጥቅ አልሳልኩም፣ ልጁ እጁን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ሳልኩ። ቁልፉ እዛ ብርሃን ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ፣ ጥላው ከራሱ ረዘም ብሎ። በሩን ከመጀመሪያው ሾት እስከ መጨረሻው በስተግራ አቆየሁት፣ እና መጨረሻ ላይ ኮቴው ሲሰማ ልጁ ወደ ግራ ዞር ሲል ሰው ማን እንደመጣ ባያውቅም ከየት እንደመጣ ያውቃል። ባክግራውንዱ 3 ቀን ነው የፈጀው። ለዛችው ልጅ አሳየኋት፣ አሁንም ምንም ሳልል። ሰባተኛው ሾት ላይ፣ ልጁ ገና እጁን ሳይዘረጋ፣ "አገኘው" አለች።

ይሄኛው ሥራ ማርክ የለውም፣ ሴሚስተሩ አልቆ ነበር። ማርኩን አልጠይቅም። ሁለቱም አኒማቲኮች ግን እጄ ላይ አሉ፣ የመጀመሪያውም ሁለተኛውም፣ ፕላኑና የተጣሉት ሳጥኖችም ጭምር። በሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ዓመቶች ሲገቡ፣ ስቶሪቦርድ ከመጀመራቸው በፊት፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ብትፈቅዱልኝ መጥቼ ሁለቱንም አሳያቸዋለሁ፣ የተሳሳተውን መጀመሪያ፣ ምንም ሳላብራራ፣ እና ምን እንዳዩ እነሱ ይንገሩኝ። መምህራኑም ከኋላ ቁጭ ብለው ቢያዳምጡ ደስ ይለኛል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የሦስተኛ ዓመት የአኒሜሽን ተማሪ